የነሐሴ ውሃ የት ይደርሳል?

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ የቤት መሥሪያ ቦታ የሚፈልግ ሰው ጥያቄው ይታወቃል፤ ካሬው ስንት ነው? ከአስፋልቱ ምን ያህል ይርቃል? ካርታ አለው? መብራት ገብቷል? እኔ ደግሞ ከሁሉም በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው ባይ ነኝ። በነሐሴ ውሃው ከመሬቱ ስንት ክንድ ዝቅ ብሎ ይገኛል?

አዊ ዝናብ የጠገበ ምድር ነው። በእንጅባራ ዙሪያ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ፣ በዳንግላም በአማካይ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ አብዛኛው የሚወርደውም ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። የቤታችን መሰንጠቅ፣ የሽንት ቤታችን መሙላት፣ የጓሯችን መቀጨጭ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ይመስሉናል። የሦስቱም ሥር ግን ይህ ዝናብ በአፈሩ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው።

ከዋልካው ልጀምር። ሜዳውና ረባዳው ላይ የሚበዛው ይህ ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ ያረፈ ቤትም አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ ወደ ጣራ የሚወጣ፣ በጋ የሚሰፋና ክረምት የሚጠብ ስንጥቅ ካያችሁ ጥፋቱን ከለሳኙ አትፈልጉ፤ መሠረቱ ያረፈበትን አፈር ጠይቁ። መፍትሔው ግንበኞቻችን የሚያውቁት ነው፤ ዋልካውን ቆርጦ አውጥቶ በሰሌክት መሙላትና መጠቅጠቅ፣ መሠረቱን ጠንካራው አፈር ድረስ ማውረድ፣ የጣራውን ውሃ በአሸንዳ ሰብስቦ ከግድግዳው ማራቅ። ባህር ዛፍንም ከቤት ማራቅ ያስፈልጋል፤ ሥሩ ውሃውን ሲመጥ ዋልካው በአንድ ወገን ይኮማተርና ቤቱን ያዘነብለዋል። ይህን ሁሉ ባለቤቱ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ብሎኬቱ ከቆመ በኋላ መሆኑ ያሳዝነኛል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የሽንት ቤቱ ጉዳይ ነው። ሴፕቲክ ታንክ ብንሠራም ታንኩ ጠጣሩን ነው የሚያስቀረው፤ ፈሳሹን የሚያጣራልን አፈሩ ነው። በውሃ የጠገበ ዋልካ ደግሞ አንድ ጣሳ እንኳ አይመጥም። ባለቤቱ መኪና አስመጥቶ ጉድጓዱን ያስመጥጣል፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይሞላል። የሞላው በቤተሰቡ አጠቃቀም አይደለም፤ ከጎን ሰርጎ የገባ የከርሰ ምድር ውሃ ነው።

ባለፈው ክረምት ዳንግላ ውስጥ ወደ አንድ ግቢ ገብቼ ነበር። የውሃ ጉድጓዱን ክዳን ሲያነሱት ውሃው ከአፉ ክንድ ያህል ብቻ ዝቅ ብሎ ቆሟል። በጋ ረጅም ገመድ የሚጠይቀው ጉድጓድ በነሐሴ ጎንበስ ብለው በጆግ ይቀዱበታል። ሽንት ቤቱ ከአጥሩ ሥር፣ ጥቂት እርምጃ አልፎ ነው። እማወራዋ ልጆቻቸውን በየክረምቱ ተቅማጥ እንደሚይዛቸው ነገሩኝ። ውሃው አልተመረመረም፤ እኔ ግን ከዚያ ውሃ ለልጅ አልሰጥም።

በእርዳታ ሥራ ዓለም አቀፍ መመሪያ መሠረት የመጸዳጃ ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ ታችኛው ወለሉም ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። እስቲ በ200 ካሬ ቦታ እናስላው። ቦታው 10 በ20 ቢሆን ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን 22 ሜትር ከምናምን ነው። ስለዚህ አባወራው ምንም ቢጠነቀቅ በራሱ ግቢ ውስጥ ርቀቱን ሊጠብቅ አይችልም። የእሱ ጉድጓድ ቢርቅ የጎረቤቱ ይቀርበዋል፤ ፍሳሽ አጥር አያቆመውም። የት ውሃ እንደሚቆፈር፣ የት ሽንት ቤት እንደሚወርድ በመንደር ደረጃ መወሰን ያለበት ለዚህ ነው። ረባዳ ቦታ ላይም ከመሬት ከፍ ተደርጎ የሚገነባ፣ ግድግዳውና ወለሉ የታሸገ ሽንት ቤት ግዴታ ቢሆን እደግፋለሁ።

ወደ ተዳፋቱ ስንወጣ ቀዩ አፈር ይጠብቀናል። ጥልቅ ነው፣ ውሃ ያሳልፋል፣ መሠረትም ይሸከማል። ለቤት የተመቸው ይህ አፈር ግን ለጓሮ ያስቸግራል። ለዘመናት የወረደው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦት ኮምጣጣ አድርጎታል፤ ኮምጣጣ አፈር ፎስፈረስን አስሮ ይይዛል፣ የሚለቀው አሉሚኒየምም ሥርን ያቀጭጫል። ባቄላና ገብስ ሲከስሙ ድንች የሚችለው ለዚህ ነው። በፋግታ ለኮማና በባንጃ ወረዳዎች ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ከጤፍ ጋር ተክሎ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ለከሰል ይቆርጣል፤ ከሰል የተከሰለበት ቦታ ላይ ጤፉ ለይቶ እንደሚለመልም ያውቃል። አመድ የአፈሩን ኮምጣጣነት ይቀንሳል። እናቶቻችን የምድጃ አመድ ጎመኑ ሥር የሚበትኑት ልክ ናቸው፤ ኖራ ማግኘት የቻለ ደግሞ አስመርምሮ፣ በመጠኑ፣ ከመዝራቱ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ከአፈሩ ጋር ያዋህደው።

ለቤቱም ለሽንት ቤቱም የሚያስፈልገው መረጃ ውድ አይደለም። በዳንግላ ወረዳ ደንገሽታ ነዋሪዎች ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው ዝናቡን፣ ወንዙንና የጉድጓዳቸውን ውሃ ከፍታ ራሳቸው ሲለኩ ነበር። በገጠር የተቻለው በከተማ እንዴት ያቅታል? የሁለቱ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች በነሐሴ መጨረሻ በየቀበሌው የተመረጡ ጉድጓዶችን በሜትር ያስለኩ፤ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ያግዟቸው። ልኬቱና የአፈሩ ዓይነት ቦታው ሲሰጥ ከካርታው ጋር ተያይዞ ለባለቤቱ ይድረሰው፤ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት።