ሌላ ሐኪም ላሳይ ብል ንቀት ይሆንብኛል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ግራ ውስጥ እግሬ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለችኝ። እናቴ «ማርያም የሳመችሽ ናት፣ እንዳትነካኪያት» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ዘንድሮ ግን እየሰፋች፣ ጠርዟም እየተዥጎረጎረ ሲመጣ ጓደኛዬ ጎትታ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ዶክተሩ ናሙና ቆርጠው ለምርመራ ላኩት። ውጤቱ ግን «ካንሰር ነው ለማለትም፣ አይደለም ለማለትም ያስቸግራል፤ ሰፋ ተደርጎ ቢነሳ ይመረጣል» ይላል። ለሚቀጥለው ወር ኦፕራሲዮን ተቀጥሬያለሁ።

ወንድሜ «አንድ ሰው ባየው እግርሽን ልታስቆርጪ ነው? ሌላ ቦታ አሳዪ» ይለኛል። እናቴ «ቢላ የነካው ይበተናል፣ ጠበል ግቢ» ትላለች። ዶክተሩ ደግሞ አባት የመሰሉ ሰው ናቸው፤ «አላመነችኝም» ብለው ቢቀየሙኝስ? ምን ትመክሩኛላችሁ?

እንቅልፍ ያጣሁት እህታችሁ ነኝ

መልስ፦

እህታችን፣ ደብዳቤሽን ደጋግመን አነበብነው። ምክራችን ባጭሩ፦ አሳዪ፤ ቀጠሮሽን ግን አትሰርዢ።

በመጀመሪያ፣ ውጤቱን የጻፉት ያንቺ ዶክተር ላይሆኑ ይችላሉ። ናሙናውን የሚያነበው ፓቶሎጂስት የሚባለው ባለሙያ ነው። የተቆረጠው ሥጋ ሰም ውስጥ ይቀመጥና በስሱ ተልጦ፣ ብርጭቆ ላይ ተለጥፎ፣ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ብርጭቆውም (ስላይድ ይሉታል) ሰሙም ቶሎ አይበላሹም፤ ስለዚህ ሌላ ፓቶሎጂስት ያንኑ ስላይድ ቢያየው በቂ ነው። ብዙውን ጊዜ እንደገና መቆረጥ የለም! ሐኪሞች ራሳቸው ሲቸገሩ አንዱ ለአንዱ ያሳያል። ታዲያ ምኑ ላይ ነው ንቀቱ?

ቃሉ ከከበደሽ እንዲህ በያቸው፦ «ዶክተር፣ ውጤቱ እርግጠኛ ስላልሆነ ስላይዱን ሌላ ፓቶሎጂስት ቢያይልኝ ደስ ይለኛል። የውጤቱን ግልባጭ ይስጡኝና እርስዎ የሚያምኑበትን ሰው ይጠቁሙኝ።» አባት የመሰለ ሰው በዚህ አይቀየምም።

የወረቀትሽ ማመንታትም የሐኪም ድክመት አይደለም። ጥቁር ነጥቦች ለባለሙያም ከባድ ናቸው። በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 187 ፓቶሎጂስቶች የተሳተፉበት ጥናት ወጥቶ ነበር፤ ጉዳት የሌለውንና ካንሰርነቱ ቁልጭ ያለውን በመለየት ብዙም አልተለያዩም፣ መሃል ላይ ባለው ግን ሰፊ አለመግባባት ታየ። ያንቺው መሃል ላይ ያለው ነው። ውጤቱ «ምንም አይደለም» ቢልና ሐኪሙም በዓይኑ አይቶ ቢስማማ ኖሮ፣ ገንዘብሽን አታባክኚ እንልሽ ነበር።

አሁን ደግሞ መራራውን እንንገርሽ። አንዳንዱ ሰው ሁለተኛ ሐኪም ጋ የሚሄደው እውነቱን ፍለጋ ሳይሆን ደስ የሚል ቃል ፍለጋ ነው። ሁለተኛው ካላስደሰተው ሦስተኛ ይሄዳል… ወራት ያልፋሉ። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ደግሞ ጥልቀቱ በሚሊሜትር ነው የሚለካው፤ በጠለቀ ቁጥር አደጋው ይጨምራል።

«የነጮች በሽታ ነው» የሚሉሽንም አትስሚ። በእኛ ቆዳ ላይ ሲመጣ የሚያዘወትረው ውስጥ እግርን፣ መዳፍንና የጥፍር ሥርን ነው። ሻሸመኔ ድረስ የመጣው ቦብ ማርሌይ በ1977 እ.ኤ.አ. የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ይኸው ሜላኖማ ተገኘበት። ጣቱ ይቆረጥ ሲባል እምቢ አለ፤ አነስ ያለ ኦፕራሲዮን ተደረገለት። በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። ጣቱ ቢቆረጥ ይድን ነበር ብለን አንምልም፤ በሽታው የሰውን ዝና እንደማያይ ግን አስቢው።

ለወንድምሽም ንገሪው፦ «ሰፋ ተደርጎ ይነሳ» ማለት እግር ይቆረጥ ማለት አይደለም። በነጥቡ ዙሪያ ካለው ጤነኛ ቆዳ ተጨምሮ ይነሳ ማለት ነው። ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ፣ መጀመሪያ የተቆረጠው ጠርዝ ንጹህ መሆኑን፣ ናሙናው የተወሰደው ከነጥቡ ሙሉ ይሁን ከከፊሉ ጠይቂ። ለእናትሽ ደግሞ፣ ካንሰር ቢላ ስለነካው አይበተንም፤ የሚበተነው ሳይነካ ሲቆይ ነው። ጠበሉን ተጠመቂ፣ ኦፕራሲዮኑንም አትተዪ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

አዲስ አበባ ካለሽ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የፓቶሎጂ ክፍል አለው፤ አለርትም በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ዛሬ ጠይቂ፣ መልሱ ከቀጠሮሽ በፊት ይድረስ። ሁለቱ ባለሙያዎች ካልተስማሙ ከዶክተርሽ ጋር እንዲነጋገሩ አድርጊ፤ ጥርጣሬው ካልጠራ ግን፣ ገና ትንሽ ሳለች ብትነሳ ይሻላል እንላለን። ማርያም ብትስምሽም፣ ሐኪም ይያት!

ቸር ወሬ ያሰማን።