ምሁር በራዲዮ ሲናገር

«ሙያ በልብ ነው» ይባላል። ይሁን እንጂ ለሕዝብ የሚጠቅም ዕውቀት በልብ ተሰውሮ ቢቀር ጥቅሙ ምንድን ነው?

በ2004 ዓ.ም. እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ ከታየ ወዲህ የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መምህራን በራዲዮና በቴሌቪዥን ብዙ አስረድተዋል። አረሙ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ መሆኑን፣ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት እንደሚቆይ የነገሩን የዕፀዋት ሊቃውንት ናቸው። ይህን የሰማ የፎገራ ገበሬ አንድ ጊዜ ነቅሎ መተው እንደማይበቃ ይገነዘባል።

ነገር ግን አንዳንድ ጋዜጠኛ የምሁሩን ማዕርግ እንጂ የትምህርቱን ዓይነት አይጠይቅም። ሕግ የተማረ መምህር ስለ ሩዝ በሽታ ቢጠየቅ፣ «ይህ የእኔ ትምህርት አይደለም፤ ወረታ ያለውን የሩዝ ምርምር ማዕከል ጠይቁ» ቢል ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በይፋግ ላሙ የታመመችበት ሰው ሸማኔ ዘንድ አይሄድም። በስሕተት የተነገረ ምክር የሚያስርበው ተናጋሪውን አይደለም፤ አምኖ የዘራውን ነው።

ስለዚህ ምሁራን ይናገሩ፤ ጋዜጠኞችም የተናጋሪውን ሙያ አስቀድመው ያስታውቁን። እኛም ተማሪዎች ነገ ማይክሮፎን ሲቀርብልን «አላውቅም» ለማለት እንዳናፍር ከዛሬ ጀምረን እንልመድ።