ማባዣው ተቀየረ፤ ቤቱ ግን ያው ነው

የፈረንሳይ መንግሥት የቤቶችን የኃይል ደረጃ ለመወሰን የሚያገለግለውን የኤሌክትሪክ ማባዣ ከ2.3 ወደ 1.9 ዝቅ ያደረገበት ውሳኔ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ በመንግሥቱ በራሱ ግምት 850,000 ያህል መኖሪያ ቤቶች ኃይል አባካኝ ከሚባሉት ሁለት የመጨረሻ ደረጃዎች፣ ከ«ኤፍ» እና ከ«ጂ»፣ እንዲወጡ አድርጓል። ለዚህ ለውጥ አንድም መስኮት መቀየር፣ አንድም ጣሪያ በሙቀት መከላከያ መሸፈን አላስፈለገም፤ ባለቤቱ አዲሱን ደረጃ የሚያረጋግጥ ወረቀት፣ መርማሪ ዳግመኛ ቤቱን ሳያይ፣ ከመንግሥት ድረ ገጽ ማውረድ ይችላል።

ለውሳኔው የቀረበው ምክንያት የቀድሞው ስሌት በኤሌክትሪክ የሚሞቁ ቤቶችን ያለ አግባብ ይጎዳ ነበር፣ የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ደግሞ በአብዛኛው ከኑክሌር ጣቢያዎች ስለሚገኝ ካርቦን እምብዛም አይለቅም የሚል ነው። የዚህ ክርክር ሁለተኛው ክፍል ማባዣው የሚለካውን ነገር ከሌላ ነገር ጋር ያደባልቃል። ማባዣ ማለት በቆጣሪ የሚነበበውን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለማድረስ ከምንጩ ምን ያህል ኃይል እንደወጣ የሚገልጽ ቁጥር ሲሆን፣ ከአንድ በላይ የሚሆነውም በኑክሌር ጣቢያ ከሚፈጠረው ሙቀት ሁለት ሦስተኛው ያህል ወደ ኤሌክትሪክ ሳይለወጥ ስለሚባክን ነው። ስለ ካርቦን የሚናገረው ነገር የለም። ካርቦን የሚለካው በሌላ መለኪያ ነው፤ ከ2021 ማሻሻያ ወዲህ የቤት ደረጃ የሚሰጠው የኃይል ፍጆታና የሚለቀቀው ጋዝ ለየብቻ ተለክተው፣ ከሁለቱ የከፋው ተወስዶ ነው። ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ቤት በካርቦን ንጽሕናው የሚገባውን ነጥብ አስቀድሞ አግኝቷል፤ ያንኑ ንጽሕና የማባዣው መቀነሻ ምክንያት አድርጎ ማቅረብ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ግን በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ጋዝ በ1 እየተባዛ ኤሌክትሪክ በ2.3 መባዛቱ አንዳንድ ባለቤቶችን ወደ ጋዝ ማሞቂያ ይገፋ ነበር፤ 1.9 የሚለው ቁጥርም በአውሮፓ ኅብረት ደረጃ የተቀመጠ ነው። ጥያቄው ቁጥሩ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚል ሳይሆን፣ ሲቀየር ከቤት ገዢው እጅ ምን ተወሰደ የሚል ነው።

የተወሰደው የኃይል ምርመራው ነው። ይህ ምርመራ ቤቱ ሙቀት የሚያጣባቸውን ቦታዎች፣ ቢያንስ ሁለት የእድሳት አማራጮችንና የሚጠይቁትን ወጪ ግምት የያዘ ሰነድ ሲሆን፣ ሻጩ ለገዢው ገና በመጀመሪያው ጉብኝት ሊያሳየው ይገባል። ግዴታው ከአፕሪል 2023 ጀምሮ በ«ኤፍ» እና በ«ጂ» ቤቶች ሻጮች ላይ፣ ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ደግሞ በ«ኢ» ላይ የተጣለ ሲሆን፣ «ዲ» የሚደርሰው በ2034 ነው። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚገለገል፣ በስሌት በዓመት ለአንድ ካሬ ሜትር 130 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል የተባለ ቤት በቀድሞው ማባዣ 299 ይሆንና ከ250 እስከ 330 ባለው የ«ኢ» እርከን ውስጥ ይወድቅ ነበር፤ ዛሬ 247 ሆኖ «ዲ» ይባላል። ሻጩም ምርመራ የማስደረግ ግዴታ የለበትም። በብርድ ወራት የሚመጣው የመብራት ሂሳብ ግን በማባዣው ምክንያት በአንድ ሳንቲም አይቀንስም፤ ያንን ሂሳብ የሚከፍለው ደግሞ ቤቱ ምን እንደሚጎድለው ሳይነገረው የገዛው ሰው ነው። መንግሥት ስሌቱን ማስተካከል ከፈለገ፣ በስሌቱ ብቻ ደረጃ የወጡ ቤቶች ለጥቂት ዓመታት ከምርመራው ነጻ እንዳይሆኑ ማድረግ ይችል ነበር፤ አላደረገም።

ምርመራው ሻጩን ቤቱን እንዲያድስ እንደማያስገድድ፣ ገዢውም አንብቦ ሊተወው እንደሚችል እርግጥ ነው፤ ሆኖም አንብቦ መተው የሚቻለው ሰነዱ ሲኖር ነው። የ2034 ቀጠሮ ሲደርስ እነዚህ ቤቶች በመጨረሻ ይመረመሩ ይሆናል። በ2021 ከ2.58 ወደ 2.3፣ አሁን ደግሞ ወደ 1.9 የወረደው ማባዣ እስከዚያ ባለበት ይቆይ እንደሆነ ግን ማንም እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይችልም።