ጥንዱን አንበትነው



የመመረቂያ ጽሑፍ ወራት ሲቃረብ በማናቸውም ኮሌጅ ዘንድ ስለሚያጋጥም አንድ ነገር ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ። አንድ ተመራማሪ ወደ ደምብያ ሜዳ ወርዶ ወይም ወደ ዳባት ደጋ ወጥቶ፣ ሠላሳ ልጆች የአንጀት ትል መድኃኒት ከመውሰዳቸው በፊት የደማቸውን ሄሞግሎቢን ይለካል እንበል። ከሦስት ወር በኋላም እነዚያኑ ልጆች ዳግመኛ ይለካል። ወደ ሂሳቡ ሲደርስ ግን የፊተኛውን በአንድ ወገን፣ የኋለኛውን በሌላ ወገን ሰብስቦ፣ እርስ በርሳቸው እንደማይተዋወቁ ስድሳ ልጆች አድርጎ ያወዳድራቸዋል።

ለመሆኑ ጉዳቱ ምንድር ነው? በደብሊን ከተማ በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊሊያም ጎሴት፣ እ.ኤ.አ. በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ባወጣው ጽሑፍ የተጠቀመባቸው ቁጥሮች መልሱን ይሰጡናል። በአሜሪካ ሚሺጋን 10 በሽተኞች ሁለት የእንቅልፍ መድኃኒት በየተራ ወስደው ነበር። እንቅልፋቸው በአንደኛው በአማካይ 0.75 ሰዓት፣ በሁለተኛው 2.33 ሰዓት ጨመረ። እነዚህን ቁጥሮች የ20 የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብለን ብንመረምር ቲ 1.86 ይሆናል። ይኸውም መድኃኒቶቹ በእውነት እኩል ቢሆኑ፣ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት ከ100 ጊዜ 8 ጊዜ ያህል እንዲያው በአጋጣሚ ይገኛል ማለት ነው። ጥንዱን ጠብቀን የእያንዳንዱን ሰው ልዩነት ብንመረምር ግን ቲ 4.06 ይሆናል፤ አጋጣሚውም ከ1,000 ጊዜ 3 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ሰዎቹም ቁጥሮቹም እነዚያው ናቸው፤ ፍርዱ ግን ተለወጠ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንዱ ብዙ ይተኛል፣ ሌላው ጥቂት፤ የአንዱ ልጅ ደም ከሌላው ይለያል። ሰውን ከራሱ ጋር ስናወዳድር ይህ ሁሉ ይቀነሳል። ልዩነቶቹ እጅግ የተዛቡ ቢሆኑ ዊልኮክሰን በ1945፣ መልሱ «አለ» ወይም «የለም» ቢሆን ማክኔማር በ1947 ያቀረቡት መመርመሪያ አለ።

ይሁን እንጂ ጥንዱን ከሚያውቀው በላይ አናናግረው። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ደጋ አገሮች የወረደው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደ ገደለ ተገምቷል። በዚያ መከራ መካከል አንድን መንደር የለካ ሰው፣ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ቢመለስ ምንም ሳይሠራ እንኳ ትኩሳቱ ቀንሶ ያገኘው ነበር። ፈተናው መለወጡን እንጂ ማን እንደ ለወጠው አይነግረንም። ስለዚህ መድኃኒቱ ያልደረሰው ተመሳሳይ መንደር አብሮ ይለካ፤ የሁለቱም ለውጥ እርስ በርሱ ይወዳደር።

«ስም ብንጽፍ ምስጢር ይወጣል» የሚል ይኖራል። ስም አያስፈልግም፤ ለእያንዳንዱ ሰው የምስጢር ቁጥር ይሰጠው፤ ያም ቁጥር በሁለቱም ቅጽ ላይ ይጻፍ። በመጀመሪያው ቀን ይህ ካልተደረገ በኋላ የሚጠግነው ሂሳብ የለም። ደግሞም በመከር ወራት ብንመለስ አጨዳ ላይ ያሉትን አናገኛቸውም፤ የቀሩት ስንት እንደ ሆኑና እነማን እንደሚመስሉ ሳንሸሽግ እንጻፍ።

መምህሮቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ጽሑፍ ሲመረመር ቲ ስንት ሆነ ከማለት በፊት «የመጀመሪያው ሰው ከሁለተኛው ጋር በምን ተያያዘ?» ብለው ይጠይቁን።

በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ከተመሠረተ ጀምሮ ተማሪው እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ከገበሬው መካከል ገብቶ ተምሯል። ያ ገበሬ ልጁን ሁለት ጊዜ ለመርፌ አምጥቶልናል። ሁለት ጊዜ የመጣውን አንድ ልጅ ሁለት እንግዳ አድርገን ብንቆጥር፣ ከስጦታው እኩሌታውን ጣልን ማለት ነው።