ልጅ በዕድሉ ብቻ አያድግም

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባል ለተጨነቀ ወላጅ መጽናኛ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን ዕድል እንጀራ አይጋግርም፤ ደብተርም አይገዛም። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 127,842 የነበረው የናዝሬት (የአዳማ) ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. 220,212 ደርሷል። ይህ ሁሉ ሰው በወሊድ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከየገጠሩ ሥራ ፍለጋ የሚጎርፈውም ብዙ ነው። ከወሊድም መጣ ከገጠር፣ ሁሉም ቤት፣ ውሃና የትምህርት ወንበር ይሻል።

እንግዲህ የቤተሰብ ምጣኔ ትርጉሙ ምንድን ነው? «አትውለዱ» ማለት አይደለም። ባልና ሚስት መቼና ስንት ልጅ እንደሚወልዱ በዕውቀትና በፈቃድ ይወስኑ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር የተቋቋመው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1966 ነው፤ መንግሥት የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ያወጣው ግን ዘግይቶ በ1985 ዓ.ም. ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት የከተማ ሴት በዘመኗ በአማካይ 2.3፣ የገጠር ሴት 5.2 ልጆች እንደምትወልድ ተገምቷል። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ የሚጓዝ ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ጥቂት ቢራመድ ከአንዱ ኑሮ ወደ ሌላው ይሻገራል።

አንዳንድ ወንድሞች «ይህ የፈረንጅ ፈሊጥ ነው» ይላሉ። የቦረና ኦሮሞን የገዳ ሥርዓት ይመርምሩ፤ ወንድ ከተወሰነ የገዳ ደረጃ ሳይደርስ ልጅ እንዳያሳድግ ሥርዓቱ ይከለክል ነበር። ስለዚህ የመውለጃን ጊዜ መወሰን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ፣ ያ ሥርዓት ወላጁን በሕግ ሲያስር፣ የዛሬው ዕውቀት ግን ምርጫውን ለራሱ ለወላጁ መስጠቱ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ድህነት የመጣው ከመሬትና ከሥራ ማጣት እንጂ ከልጅ ብዛት አይደለም» ብለው ይከራከራሉ። ከነገሩ እውነት አለበት፤ ኪኒን የመሬትን ጥያቄ አይመልስም። ነገር ግን መሬቱና ሥራው እስኪገኝ ድረስ በላይ በላዩ የምትወልደው እናት ጤናዋን ማን ይመልስላታል? ሁለቱ ጥያቄዎች አብረው ይጠየቁ እንጂ አንዱ ለሌላው ማምለጫ አይሁን።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ነገሩ የሴት ብቻ ተደርጎ መታየቱ ነው። ያላሰበችው እርግዝና የደረሰባት ተማሪ ትምህርቷን ስታቋርጥ፣ ወንዱ ፈተናውን ተፈትኖ ዲግሪውን ይቀበላል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ አገልግሎቱ በነጻ ይሰጣል፤ ወረፋ ይዛ የምትታየው ግን ሴቷ ናት።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ነርሶችን እየጋበዘ በግልጽ ያነጋግረን፤ የፊቱንም ወንበር ወንዶች እንያዘው። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ያወቅነውን ለወንድሞቻችን ጭምር እንንገር። ለእኅቶቻችን ብቻ የምንመክር ከሆነ ግማሹን ቤተሰብ ረስተናል ማለት ነው።