ከሐራጅ በፊት የሚፈለግ ጠበቃ

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ሲታወጅ፥ ገንዘብ ጠያቂው ዕዳው በቀጠሮው ቀን ሳይከፈለው ቢቀር በመያዣ የተሰጠውን ቤት የሕጉን ሥርዓት ሳይከተል እንዳይወስድና እንዳይሸጥ፥ ይህን የሚፈቅድ ውልም ዋጋ እንዳይኖረው በአንቀጽ 3060 ተደንግጎ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ግን ለባንኮች የተለየ መንገድ ከፍቶ፥ በውል ስምምነት እስካለ ድረስ፥ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ያለ ፍርድ ቤት ቤቱን በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ሰጣቸው። ባንክ የሚያበድረው የሕዝብን አደራ ነውና አዋጁን አልነቅፍም፤ የሚያሳዝነኝ፥ ዳኛው ከመካከል ከወጣ ወዲህ ባለቤቱን ደግፎ በሕግ ፊት የሚያቆመው ጠበቃ ሆኖ ሳለ፥ ጠበቃው የሚፈለገው ቤቱ ከተሸጠ በኋላ መሆኑ ነው።

የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ የደረሰው ሰው አስቀድሞ ከቤተሰቡ ይሸሽገዋል፤ ቀጥሎም የንስሐ አባቱን ወይም የሰፈሩን ሽማግሌ ወደ ባንኩ ሥራ አስኪያጅ አማላጅ አድርጎ ይልካል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ቀኑ ያልቃል። ከሐራጁ በኋላ ጠበቃው በአብዛኛው የሚከራከረው ባንኩ ሥርዓቱን ጥሶ ሸጦ ከሆነ ስለሚከፈለው ካሣ ነው፤ ካሣ ደግሞ ልጆች ያደጉበትን ቤት አይመልስም።

በእነዚያ 30 ቀናት ውስጥ ግን ሊመረመር የሚገባው ብዙ ነው፦ ማስጠንቀቂያው በእርግጥ ለባለዕዳው ደርሶ እንደ ሆነ፤ ወለዱና ቅጣቱ በውሉ መሠረት ታስቦ እንደ ሆነ፤ የመያዣው ምዝገባ የሚጸናበት የ10 ዓመት ዘመን አልፎ እንደ ሆነ፤ ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ከሆነም፥ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 እንደሚያዘው፥ ሁለቱም በመያዣው ተስማምተው እንደ ሆነ። ጉድለት ባይገኝ እንኳ፥ ብድሩ እንዲራዘም በጽሑፍ የሚቀርብ በሚገባ የተዘጋጀ ጥያቄ ከቃል ልመና ይልቅ ይደመጣል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ፥ ራሳቸው አንዲት ሳንቲም ሳይበደሩ፥ ለወንድም ልጅ ንግድ ብለው የቤታቸውን ካርታ ያስያዙ ሰዎች ነገር ነው። ዝምድና አስገድዷቸው ፈርመዋል፤ ተበዳሪው መክፈል ማቆሙን ግን ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ማስጠንቀቂያው በደጃቸው ሲቆም ነው። እነዚህ ሰዎች ጠበቃ የሚያስፈልጋቸው ገና ከመፈረማቸው በፊት ነበር።

ጠበቃ በገንዘብ የሚገኝ ነው፥ ገንዘብ ደግሞ የለም የሚል መልስ እሰማለሁ፤ ሕገ መንግሥቱም በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት በአንቀጽ 20 ያሰበው ለተከሰሰ ሰው እንጂ ቤቱ ለሚሸጥበት ባለዕዳ አይደለም። ሆኖም የዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ያቋቋሟቸው የነጻ የሕግ ድጋፍ ማእከሎች አሉ፤ ለሴቶችም የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። «በባንኩ ውስጥ ሰው አውቃለሁ» እያለ ቅድሚያ ገንዘብ ከሚቀበል ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ ግን መሸሽ ይገባል፤ የጥብቅና ፈቃዱን ለማሳየት የሚያመነታ ሰው አደራ አይሰጠውም።

ብሔራዊ ባንክ በበኩሉ አንድ ነገር ቢያደርግ መልካም ነበር፦ እያንዳንዱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በግልጽ አማርኛና ባለዕዳው በሚሰማው ቋንቋ ተጽፎ፥ የዕዳውን ዝርዝር ስሌትና በአካባቢው የሚገኘውን የነጻ የሕግ ድጋፍ ማእከል አድራሻ አብሮ እንዲይዝ፥ ቤታቸውን ለሌላ ሰው ዕዳ ያስያዙትም ተበዳሪው የመጀመሪያውን ክፍያ ባጓደለ ጊዜ እንዲነገራቸው ማዘዝ።