ከስፋቱ ይልቅ ጥራቱ

ለሥራም ለጌምም ይሆናሉ ተብለው በርካሽ የሚቀርቡት ባለ 34 ኢንች ጎባጣ ሞኒተሮች ገዢን የሚማርኩት በስፋታቸው ነው። ሊመዘን የሚገባው ግን የፒክስላቸው ጥግግት ነው። በዚህ መጠን 2560 በ1080 የሆነው በአንድ ኢንች 82 ያህል፣ 3440 በ1440 የሆነው ደግሞ 110 ያህል ፒክስል ይይዛል። በጥቃቅን ጭረት የሚለያዩት የአማርኛ ፊደላትና በነጥብ የሚለያዩት የዐረብኛ ሆሄያት በመጀመሪያው ላይ ሻካራ ሆነው ይታያሉ፤ ቀኑን ሙሉ ለሚያነብም ዓይን ያደክማሉ። ሁለተኛው በበኩሉ ለጌም ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ይሻል። አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው ስፋቱን ቀንሶ ባለ 29 ኢንቹን 2560 በ1080 ቢመርጥ 96 ያህል ፒክስል ያገኛል፤ በዚህ መጠን ጉብጠቱ ቢቀርም ጉዳቱ ትንሽ ነው። ከአቅም በላይ መግዛት ኢስራፍ ነው፤ ለሥራ የማይመች ርካሽ ዕቃም ቁጠባ አይደለም።